በፊቱ ላይ የጨመርኩት ጠባሳ

ሚስቴን የቀበርኳት ይህን ሳልነግራት ነው። ልጆቼም አያውቁም። ከእኔ ጋር አፈር ሊገባ የነበረ ነገር ነው። እኛ ዘንድ አላህ የሸፈነውን ወንጀል አደባባይ ማውጣት ነውር ነው፤ ደረሳ ሆኜ የተማርኩትም ይህንኑ ነው። የሰው ሐቅ ግን ሌላ ነው። የሰው ሐቅ ባለቤቱ አፉ ካላለ አይፋቅም፣ ባለቤቱን ያስገደልኩት ደግሞ እኔው ነኝ። እና ተቀመጥና ስማኝ። እንዳታጽናናኝ። "ልጅነት ነው" እንዳትለኝ። ልጅ አልነበርኩም፤ ሚስትና ማሳ ያለኝ ሰውዬ ነበርኩ።

ሰውዬው ይማም ይባላል። የውሃ አባታችን ነበር። ከሮቢ ወንዝ ጠልፈን ባወጣነው ቦይ ማሳ የምናጠጣ ሁሉ ተራችንን የምንቀበለው ከሱ ነው። የመረጥነውም እኛው ነን፣ አያዳላማ። ቀጭን ፊት፣ ሾጠጥ ያለ ጺም ነበረው። በግራ ጉንጩ ላይ ደግሞ ከዓይኑ ሥር እስከ ከንፈሩ የወረደ ጠባሳ። አንድ በጋ ተራዬ ሳይደርስ ቦዩን ሰብሬ ውሃውን ወደ ማሽላዬ ለቀቅኩት። ደረሰብኝ። አልሰደበኝም፤ ሰው እያየ ጭቃ በእጁ አንስቶ ቦዩን ደፈነና የሚቀጥለውን ተራዬን ለሌላ ሰጠ። ደንቡ ነው። ማሽላዬ ሊያሸት ሲል ደረቀ። ያን ጊዜ ጠላሁት። የጠላሁት ስለበደለኝ አይደለም፣ ልክ ስለነበረ ነው። ልክ የሆነ ሰው እንዴት እንደሚያንገበግብ ታውቃለህ? የበደለህን ሰው ትከሰዋለህ፣ ትጣላዋለህ። ልክ የሆነውን ምን ታደርገዋለህ?

ማሽላው ሲቀር ወደ ጣሊያን መንገድ ሥራ ገባሁ። ጣሊያን ጣርማ በር ላይ ተራራውን እየበሳ ነበር፤ እኔ ከታች ካምፑ ድንጋይ እጭናለሁ። አንድ ሹፌር ነበር፣ ካሚዮኑ ውስጥ ተጋድሞ ከአገሩ የሚላክለትን የሥዕል ጋዜጣ የሚያነብ። ሲጨርስ ይጥለዋል፣ እኔ አነሳዋለሁ። በየዕትሙ የሚቀጥል ታሪክ ነበረው። ሰዎች ጥይት በመሰለ የብረት መርከብ ከምድር ተነስተው ኮከብ ላይ ያርፋሉ። የኮከቡ ንጉሥ ያንደኛውን እጮኛ ይዞ አስሮበታል፤ ድንጋይ የሚያቀልጥ ፋኖስም አለው። የፈረንጁን ፊደል አላውቅም፣ እኔ የማውቀው የቁርኣኑን ነው። ሥዕሉን እያየሁ ግን ወሬውን ራሴ እሞላዋለሁ። ጁምዓ ከሶላት በኋላ ቁርቁራው ዛፍ ሥር ሰው ይሰበሰባል፣ ጋዜጣው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ እኔ እተርካለሁ። በአዘቦት ቀን እንኳ መንገድ ላይ እያስቆሙ "ሰይድ፣ ያ ኮከብ ላይ የወጣው ሰውዬ ምን ሆነ?" ይሉኝ ነበር። ይማምም ይመጣል። ከኋላ ተቀምጦ እንደ ልጅ አፉን ከፍቶ ይሰማኛል። ሲስቅ ባየሁት ቁጥር የደረቀው ማሽላዬ ትዝ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሹፌሩ ጋዜጣውን ሲወረውርልኝ አንድ ጣቱን አሳየኝ። ከዚህ በኋላ አንድ ብቻ ቀረ፣ ታሪኩ ሊያልቅ ነው ማለቱ ነው። ገለጥኩት። በዚያ ዕትም ከዚህ በፊት ያላየነው ሰው ይገባል፣ የንጉሡ አማካሪ። ከወታደር አለቆች ጋር ጠረጴዛ ከቦ ጣቱን ካርታ ላይ አሳርፏል፤ የጀግናውን ሰዎች መደበቂያ እያሳያቸው ነው። ቀጭን ፊት። ሾጠጥ ያለ ጺም። ጥምጥም። የአለቆቹም ልብስ ከጣሊያን መኮንን ልብስ ብዙም አይርቅም። ቁርጥ ይማምን። የጎደለው ጠባሳው ብቻ ነበር።

አሁን ልብ ብለህ ስማ፣ ወንጀሉ እዚህ ጋ ነው። በዚያው ሰሞን ከተራራው የወረዱ አርበኞች መንገዱ ዳር ተጠብቀው ተገድለዋል። ማን ጠቆመ እየተባለ ነበር። የሟቾቹ ወንድም አሊ ቁርቁራው ሥር እየመጣ ከሰው ጋር ተቀላቅሎ እንደሚቀመጥ፣ ጆሮውን ጥሎ እንደሚሰማ አውቃለሁ። እኛ አገር ደግሞ ያኔ በጋዜጣ የወጣ ሁሉ የእውነት ሰው ነው። ለጣሊያን የገቡ ባላባቶች በጋዜጣ ወጥተው አይተናል፤ ፎቶውን ከሥዕሉ ማን ለይቶት? ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሳላውቅ አጠፋሁ እንዳልል አውቃለሁ።

ቤቴ ገባሁ። የደረሳነት ቀለሜን አወጣሁ፣ ከጥላሸት የሚበጠበጠውን፣ በእንጨት ሰሌዳችን በሉሕ ላይ የአላህን ቃል የጻፍኩበትን። ብርዑን ነክሬ ያንን ጠባሳ ጨመርኩ። ከዓይኑ ሥር እስከ ከንፈሩ። አምሮልኛል ብዬ ደስ አለኝ። ተረዳኸኝ? ደስ አለኝ።

ጁምዓ ዕለት ይማም ቦይ ለማስጠረግ ሄዶ አልነበረም። እየተረክሁ እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ አቆምኩ። "ይቺ ከታሪኩ አይደለችም መሰለኝ፣ አላወቅኋትም፤ እስቲ እናንተው እዩዋት" ብዬ ሰጠኋቸው። ስሙን አልጠራሁም። ለብዙ ዘመን ይህን እንደ ጽድቅ ስቆጥረው ኖሬአለሁ፣ ስሙን አልጠራሁም እያልኩ። ጋዜጣው ዞረ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው "ይሄ ይማም አይደለም እንዴ?" አሉ። አሊ ተነስቶ ሄደ።

አሊና አርበኞቹ የመጡት በውሃ ማከፋፈያው ቀን ነው፣ በጠራራ ፀሐይ። ሁላችንም ቦዩ አፍ ላይ ቆመን ተራ እንጠብቃለን። ይማም መጥረቢያም ዱላም አልያዘም፣ ዶማውን ብቻ። "ጣሊያን ጋ ተቀምጠህ አይተንሃል" አሉት። የት? ምን? አልገባውም። ጣሊያን ካምፕ ረግጦ አያውቅም፤ ካምፑ የምውለው እኔ ነበርኩ። ወላሂ ብሎ ማለ፣ አልሰሙትም። እጁን ሲይዙት ዞር ብሎ አየን፤ እኔ ቅርብ ነበርኩ። ዶማውን ዘረጋልኝ። "ሰይድ፣ ውሃው እትዬ ፋጡማ ማሳ አልደረሰም። ተራውን ጠብቅላቸው" አለኝ። ተቀበልኩት። አፌን ብከፍት ይበቃ ነበር፣ "ጠባሳውን የጨመርኩት እኔ ነኝ" ማለት። ዶማውን ይዤ ወደ እትዬ ፋጡማ ማሳ ሄድኩ። እሱን ወደ ወንዙ ወሰዱት፤ ማታ ጀናዛውን ከዚያ አመጣነው። ከዚያ በኋላ የውሃ አባት ያደረጉኝ እኔን ነው፣ አደራ የሰጠው ለሱ ነው ብለው።

የመጨረሻው ዕትም መጣ። ሹፌሩ እየሳቀ ሰጠኝ። ሳልገልጠው ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ሰው ሲጠይቀኝ አልመጣም አልኩ። ኮከብ ላይ የወጣው ሰውዬ እስከ ዛሬ እዚያው ነው፣ የዳነ ይሁን የሞተ አላውቅም።

ጣሊያን ሲወጣ የይማም ሚስት ዘሃራ ቤቴ መጣች። የባንዳ ሚስት እየተባለች ልጆቿን ስታሳድግ ማንም ደጇን አልረገጠም፤ እኔም አልረገጥኩም። ልትረግመኝ መስሎኝ ነበር። ቁጭ አለችና "ሸህ ሰይድ፣ ያቺን ወረቀት ይስጡኝ" አለች። "ልጆቹ አባታቸውን አያውቁትም፣ ሕፃናት ነበሩ። መልኩ ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ክፉ ሥራ ላይም ቢሆን መልኩ ነው።"

ከሳጥኔ አውጥቼ ሰጠኋት። ጠባሳውን በጣቷ ዳሰሰችና አለቀሰች። የኔን ቀለም ዳስሳ።

ዛሬ ወረቀቷ ያለችው ትልቁ ልጁ ዘንድ ነው፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ። አባቱ ባንዳ እንደነበረ አምኗል፤ አምኖም ይወደዋል። እውነቱን ብነግረው ስሙን እመልስለታለሁ፣ መልኩን ግን እነጥቀዋለሁ፤ ይህን እያሰብኩ አዝኜለት ዝም ያልኩ ይመስለኝ ነበር። ውሸት ነው። ፈርቼ ነው። ሸህ መባል፣ የውሃ አባት መባል ጣፍጦኝ ነው። በዚህ ረመዳን ጠራኝና ወረቀቷን ፊት ለፊታችን ዘርግቶ "ለአባቴ ዱዓ ያድርጉልኝ" አለኝ። እጄን ዘረጋሁ። "ያ ረቢ፣ ማረው" አልኩ። ማንን? አንድ የሮም ሰዓሊ ከሐሳቡ ያወጣውን ሰው? ልጁ አሚን አለ። እኔም አሚን አልኩ።

አፉ በለኝ አልልህም። አንተ ምን አግብቶህ ነው አፉ የምትለኝ? የምለምነው ይማምን ነበር። ሌሊት ዓይኔን ጨፍኜ ላናግረው እሞክራለሁ። ያንን ዶማ የዘረጋልኝን ሰው፣ እውነተኛውን ፊት እፈልጋለሁ። የሱን መልክ የሚያስታውስ ሰው በሕይወት የቀረ እኔ ብቻ ነኝ። አይመጣልኝም። የሚመጣልኝ ያ አማካሪ ነው፣ ጣቱን ካርታው ላይ እንዳሳረፈ፣ እኔ በጨመርኩለት ጠባሳ።