የምርመራ እናት

በፍሬስኖ ከተማ የጤና ሠራተኛ የሆኑት ዶኛ (እመት) ኦብዱሊያ የሰፈሩን ጎረምሶች ለስኳር ምርመራ አዳራሽ ቢጠሩ፣ የሚሰማቸው ባዶ ወንበር ብቻ ነበር።

የጎረቤታቸው ልጅ ኢትሴል አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ዘመድ ሁሉ እንደ ወጉ የድግሱን ወጪ ተከፋፈለ፤ ዘውዷን የምትገዛው የዘውድ እናት፣ ጫማዋን የምትገዛው የጫማ እናት ተባለች።

«እኔ የምርመራ እናት ነኝ» አሉ ኦብዱሊያ።

«ኧረ ኮማድሬ፣ እህቴ፣ ድግስ ነው እኮ፣ ክሊኒክ መሰለሽ እንዴ?» ብላ የኬክ እናት የሆነችው አክስት ሳቀች።

«አንቺ ስኳሩን አምጪ፣ እኔ እለካዋለሁ።»

ቅዳሜ ኢትሴልና አብረዋት የሚደንሱት አጃቢ ጎረምሶች የድግሱን ዳንስ ሲለማመዱ፣ ኦብዱሊያ መመርመሪያቸውን ይዘው በር ላይ ተገተሩ። ከአጃቢዎቹ ሁሉ ግዙፍ የሆነው ሬናቶ መርፌዋን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ኢትሴል ቀድማ ጣቷን ዘረጋች።

«ና እንጂ፣ አንተ ፈሪ! እኔን ተሸክመህ ልታሽከረክር ነው ጠብታ ደም የምትፈራው?»

ያን ጊዜ ሁሉም ተሰለፉ። የሬናቶ ስኳር ከፍ ብሎ ተገኘ፤ እናቱ ሳትውል ሳታድር ሐኪም ዘንድ ወሰደችው።

በድግሱ ዕለት እናቶቹ በየተራ ሲጠሩ፣ «የምርመራ እናት!» ሲባል አዳራሹን በጩኸት ያናጉት ጎረምሶቹ ነበሩ። ኦብዱሊያ አንገታቸውን ቀና አድርገው ተነሡ።

ሰኞ አንዲት ልጅ ደወለችላቸው።

«ዶኛ፣ የኔ ድግስ ገና ለከርሞ ነው። ግን ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ልያዝዎ ብዬ ነው።»