መተማን ልናይ የወረድን ጊዜ

የጎረቤቴ ልጅ ጉልበቷ ተልጦ አዮዲን ተቀብታ መጣች። ሽታው ሲደርሰኝ መርፌዬን አስቀመጥሁ። ባሌ እንዲህ ነበር የሚሸት።

የሐኪም ረዳት ነበር፤ ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ። ጣሊያን ጎንደርን ይዞ ሥራ ሲጠፋ፣ መተማ ለባለሙያ ይሻላል ሲሉ ሰማንና ወረድን።

«ሦስት ቀን ተመልከች፤ ካልወደድሽው እንመለሳለን» አለኝ።

ቤት ያከራየችን ሙስሊም ባለሱቅ ገበያውን አዞረችኝ። የሰሊጥና የግመል ሽታ፣ ዓይን የሚወጋ ፀሐይ፣ ከወንዙ ማዶ የሱዳኖች ጥሪ። ጨርቅ እንደ ልብ ነው፤ ሰፊ የለም። እጄን በላኝ። ቤቱን ስታሳየኝ ግን ከጓዳው ወደ ወንዙ የሚያስወጣ ጠባብ በር አየሁ።

«እትዬ፣ ይኸ ለምንድን ነው?»

«ለመሸሻ ነዋ፣ ልጄ! የማን ቤት የለውም?»

ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ሌላ ነገር ያይ ጀመር። የጣሊያን ካሚዮን ሲሰማ ገበያው ጸጥ ይላል፤ እናቶች ልጆቻቸውን ይሰበስባሉ።

«እንመለስ፤ እዚህ ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ነው የሚኖር» አልሁት።

«ከጫካ የመጣ ቁስለኛ አርበኛ እያከምሁ ነው። አሁን ብተወው ይሞታል» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ካሚዮን ደጃችን ቆመ። ባሌ ክንዴን ይዞ ወደ ጓዳ ገፋኝ።

«አንተስ?»

«ሁለታችንም ከጠፋን ባለሱቋን ይይዟታል። አይዞሽ፣ እነሱም ሐኪም ይፈልጋሉ።»

በደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ ሮጥሁ። አሸዋው እግሬን ያቃጥል ነበር። ከኋላዬ በሩ ሲደበደብ፣ እሱም ረጋ ብሎ በተሰባበረ ጣሊያንኛ እንግዳ እንደሚቀበል ሰላም ሲላቸው ሰማሁ።

ባለሱቋ ከሳምንታት በኋላ ወንዙን ተሻግራ ሱዳን፣ ገላባት አገኘችኝ። ቁስለኛው ድኖ ጫካ ገብቷል። ባሌን ግን በጎንደር መንገድ ጭነው ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።

ጣሊያን ሲወጣ ጎንደርን ቤት ለቤት ጠየቅሁ። ሳጣው መተማ ተመልሼ የስፌት ቤት ከፈትሁ። ደገኞቹ ዘመዶቼ፣ «በዚያ ሐሩር ማን አለሽና?» ይሉኛል። የተለያየነው እዚህ ነው፤ ቢመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እዚህ ነው።