የቦራ አንገት

ዘይኑልአቢዲን ከቢስቲማ ወርዶ ኮምቦልቻ የእህል መጋዘን ጥበቃ ከሆነ አራት ዓመቱ ነው። ስለ ከብት ጠይቁት፤ የበሬን ሕመም ከአተነፋፈሱ ይለያል። ስለ ውሻም አውቃለሁ ባይ ነበር፤ ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። የመጋዘኑን ውሻ ቦራን በባዶ እጁ ነክቶት አያውቅም። ውዱእ አድርጎ የሚውል ሰው ነውና የውሻ ምራቅ ልብሴን ይነጅስብኛል፣ ለሶላት የማይሆን ያደርግብኛል ብሎ ይፈራል። ትርፍራፊውን እንኳ በረጅም እንጨት እየገፋ ነው የሚሰጠው። ቡችላ ሳለ አንገቱ ላይ የናይለን ገመድ ያሰረለትም እጁን በፌስታል ጠቅልሎ ነበር።

ቦራ አደገ፤ ማሰሪያውን በጥሶ ግቢውን ይዞር ጀመር። አንገቱን የከበበው ገመድ ግን እዚያው ቀረ፤ ፀጉር ሸፈነው። ሰው ሲቀርበው አንገቱን ደፍቶ ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል፤ ከንፈሩን ይልሳል፤ እንቅልፍ ሳይመጣው ያዛጋል። ዘይኑልአቢዲን ደግሞ ለመጣው ሁሉ «አደብ ያለው ውሻ ነው፤ ሰው እንኳ እንዲህ አያፍርም» እያለ ይኩራራበታል።

በክረምቱ እረፍት የስምንት ዓመቷ የልጅ ልጁ ሙና ከደሴ፣ ከሆጤ ሰፈር መጣች። ወደ ቦራ እጇን ስትዘረጋ ውሻው ደርቆ ቆመ። የዓይኑ ነጭ ታየ፤ ከቆመው ጭራው ጫፉ ብቻ ይርገበገባል።

«አባባ፣ ይናከሳል እንዴ?»

«ወላሂ አይናከስም! ጭራውን ሲቆላ አታይም? ደስ ብሎት ነው፤ እቀፊው።»

አንገቱን አቀፈችው። ክንዷን ነከሳት።

ሙና ጤና ጣቢያ ተወስዳ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌ ጀመረች። የመጋዘኑ ባለቤት ውሻው ይገደል አለ። ውሻውን እንድታይ የተጠራችው የእንስሳት ሐኪም አትጠገብ ግን፣ በሽታ እንዳለበት ለማወቅ ዐሥር ቀን ተይዞ መታየት አለበት ብላ ተከራከረች። አፉን አስራ አንገቱን ስትዳብስ እጇ ቀጥ አለ። ገመዱ ሥጋው ውስጥ ሰምጦ ነበር።

«ይኼ ዛሬ የመጣ ሕመም አይደለም» አለች። «ሲነግራችሁ ነው የከረመው። ፊቱን ሲያዞር፣ ከንፈሩን ሲልስ፣ አትንኩኝ ማለቱ ነበር። ጭራ መቁላት ሁሉ ደስታ አይደለም። ማን ነው ያሰረው?»

«ሲመጣም ታስሮ ይሆናል» አለ ባለቤቱ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። ዘይኑልአቢዲንም ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። ግን የሙና ፋሻ ዓይኑ ላይ መጣበት።

«እኔ ነኝ ልጄ። ያሰርኩትም እኔ፣ ልጅቷን እቀፊው ያልኩትም እኔ፤ ያውም በአላህ ምዬ።»

ከዚያ ወዲያ ጸጸቱ አላስቀምጥ አላስቆም አለው። ልብሱ ቢነጀስ በሃይማኖቱ ሥርዓት ሰባት ጊዜ አጥቦ መስገድ ይችል ነበር፤ የቧንቧው ውሃ ከበሩ አጠገብ ነው። ቋጠሮውን ለማላላት ሁለት ጣት ይበቃ ነበር። ንጹሕ ሆኜ ልስገድ ሲል ነፍስ ያለውን ፍጡር አሰቃየ። ሰጋጃው ላይ ሲቆም እንኳ ያፍራል።

ዐሥሩ ቀን አለፈ፤ ቦራ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ፤ ገመዱ ተቆርጦ የወጣበት ቁስልም መድረቅ ጀመረ። ዘይኑልአቢዲን እንጨቱን ጥሎ፣ ሥጋ ጣል ያደረገበትን ሳህን በእጁ ይዞ ቀረበ። ሊዳብሰው፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ሊለው ነበር። ቦራ ጭራውን እግሮቹ መሀል ቀረቀረ፤ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ከንፈሩን ላሰ።

ዘይኑልአቢዲን የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። ሳህኑን መሬት አስቀምጦ፣ ውሻው መብላት እስኪጀምር ድረስ ወደ ኋላ ራቀ።