ተቀጥሬ ሳላውቅ ወደ ደብረ ሲና

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በአንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ሁለት አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት ሥራዬን ሊያሳጡኝ ሲሉ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

ስሜ ብርቱካን ነው። ተወልጄ ያደግኩት ወለጋ ሲሆን ቤተሰቦቼ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን ከገቡ ወዲህ ከእነሱ ጋር መጠለያ ውስጥ ነበርኩ። በባዮሎጂ ዲግሪ አለኝ። ዲግሪዬን ይዤ ከአንድ ዓመት በላይ ሥራ ፈልጌያለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት አመልክቼ የመጣልኝ የኢሜይል መልስ «ተርን ዳውን» የሚል ቃል ነበረበት። ጓደኛዬ አንብባ «አልተቀበሉሽም ማለት ነው» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ተርን» የሚል ነገር ስሰማ አልተቀበሉኝም ማለት ይመስለኛል።

በኋላ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪዎች እንደሚፈልግ ሰምቼ ተመዘገብኩ። ቃለ መጠይቁን ያደረገችልኝ የሠራተኞች ኃላፊዋ ናት፤ የውጭ አገር ሴት ናት። ለጥያቄዎቹ ሳምንቱን ሙሉ ስዘጋጅ ስለሰነበትኩ ደህና መለስኩ።

አርብ ከሰዓት በኋላ የውሃ ወረፋ ላይ ቆሜ ስልኬ ጠራ። ኃላፊዋ ነበረች። ጀሪካን ይንኳኳል፣ ሴቶች ስለ ወረፋ ይጨቃጨቃሉ፣ እሷ ደግሞ ትፈጥናለች። ከንግግሯ የያዝኩት «ቴክ ዩ ኦን»፣ «ማንደይ»፣ «ኤይት» እና «ተርን አፕ» የሚሉትን ብቻ ነው። «ተርን» ስትል ሌላው ሁሉ ጠፋብኝ። «ቴክ ኦን» የሚለውንም የማውቀው ከፊልም፣ ሰዎች ለጠብ ሲፈላለጉ ነው። ሰኞ ስምንት ሰው ይገባል፣ እኔን መልሰውኛል ብዬ ደመደምኩ። «ኦኬ፣ ታንኪው» ብዬ ዘጋሁት።

እናቴ «ምን አሉሽ?» ስትለኝ «አልሆነም» አልኳት። ጀሪካኑን ከእጄ ተቀብላ ገባች።

በነጋታው ደብረ ሲና ለምትኖረው አክስቴ ደወልኩ። መንገድ ዳር ሹፌሮች የሚመገቡበት ትንሽ ምግብ ቤት አላት። «ነይ፣ አብረን እንሠራለን» አለችኝ። አንድ ደንበኛዋ ሰኞ ጠዋት ተሳቢ ይዞ ወደ ደሴ ስለሚያልፍ እሱ እንዲያመጣኝ ተስማሙ።

ደንበኛዋ ጋሽ ወርቁ ይባላሉ፤ ስልሳ ዓመት የሚጠጋቸው ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልብሴን በፌስታል ይዤ ጋቢና ገባሁ። ትንሽ እንደሄድን ስለ ልጅነታቸው አጫወቱኝ። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጠው ነው መንጃ ፈቃድ ያወጡት። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሩ።

«አክስትሽ ተምራለች ብላኛለች። ታዲያ ወጥ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?»

ስለ ሥራ ፍለጋዬ ነገርኳቸው። ፋብሪካው እንደመለሰኝም ነገርኳቸው።

«ምን ብለው መለሱሽ?»

«ተርን አፕ አሉኝ።»

እግራቸውን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሱ። መኪናው ሲያዘግም ታወቀኝ።

«እስኪ ያለችሽን አንድ በአንድ ንገሪኝ።»

የያዝኳቸውን ቃላት በሙሉ ነገርኳቸው። እሳቸውም መንገዱን እያዩ፣ «ልጄ፣ አንቺ እኮ ተቀጥረሻል» አሉ።

አላመንኳቸውም። እውነቱን ለመናገር፣ ዲግሪ ያለኝ እኔ ነኝ ብዬ በልቤ ንቄያቸዋለሁ።

«ጋሽ ወርቁ፣ ተርን እኮ መመለስ ነው» አልኩ።

«ብቻውን አትያዥው። እኔ መንገድ ከሚሠሩ ፈረንጆች ጋር ሰባት ዓመት ገልባጭ ነድቻለሁ። ባክ አፕ ሲሉኝ ወደ ኋላ እሄዳለሁ፤ ፑል ኦቨር ሲሉኝ ዳር ይዤ እቆማለሁ። ተርን ዳውን ካሉሽ አልፈለጉሽም። ተርን አፕ ካሉሽ ግን ብቅ በይ ነው። አለቃችን ማታ ማታ ‹ነገ በጠዋት ተርን አፕ› ይለን ነበር። ብቅ ያላለ ሰው በሌላ ይተካል።»

«ቴክ ዩ ኦን ያለችኝስ?»

«እኔን የቀጠሩኝ ቀን ያሉኝ እሱን ነው።»

አሁንም አልተውኩም። «ተርን መዞር ነው፣ አፕ ላይ ነው። ብቅ ማለት ከየት መጣ?»

«እኛስ ‹ብቅ በይ› ስንል ‹ብቅ› ብቻውን ምንድን ነው? ንገሪኛ።»

ብቅ፣ ቁጭ፣ ቀጥ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስናገራቸው ኖሬ ለብቻቸው ምን እንደሆኑ አስቤ አላውቅም። ያን ጊዜ ነው ያመንኳቸው።

«ኤይት ያለችሽም የሰው ቁጥር አይደለም» አሉ። «ሰዓቱ ነው፤ በእኛ ሁለት ሰዓት። አሁን ስንት ሆነ?»

ስልኬን አየሁ። አንድ ሰዓት ከሩብ። ጣርማ በር ደርሰን ዋሻው ሊቀርበን ነው። ለኃላፊዋ ልደውል ስል ኔትወርክ የለም።

ጋሽ ወርቁ ዳር ይዘው ቆሙ። «ይሄን ተሳቢ ይዤ እዚህ አልዞርም። ውረጂ፣ መኪና እናስቁም።»

ጉሙ ከባድ ነበር፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ጋሽ ወርቁ የመኪናቸውን መብራት ብልጭ ድርግም እንዲል አድርገው አስፋልቱ ዳር ቆሙና እጃቸውን ዘረጉ። አንድ ጭነት መኪና አለፈን። ቀጥሎ ከደብረ ሲና የሚመጣ ሚኒባስ ከጉሙ ውስጥ ወጥቶ ቆመ። ጢም ብሎ ሞልቷል።

«ጋሼ፣ ቦታ የለኝም» አለ ሹፌሩ።

«ይህቺ ልጅ ዛሬ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ ትጀምራለች። መቀጠሯን ያወቀችው አሁን ነው። ሞተሩ ላይ አስቀምጣት።»

ሹፌሩ አንድ ጊዜ አየኝና ረዳቱን በሩን እንዲከፍትልኝ አዘዘው። ጋሽ ወርቁን በደንብ እንኳ አላመሰገንኳቸውም። ፌስታሌን በመስኮት አቀበሉኝ፤ ወዲያው ሄድን።

ሚኒባሱ ውስጥ ነገሩን ሁሉም ሰምቷል። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ከጉሙ እርጥበት አደራረቁልኝና ፀጉሬን ጠምዝዘው አስያዙልኝ። ሹፌሩ መንገድ ላይ ለመሳፈር እጅ የሚያሳዩትን ሰዎች እያለፈ ነዳ። ወራጅ አለ ያሉ አንድ ሰውዬ እንኳ መኪናው በደንብ ሳይቆም ዘለው ወርደው «ሂዱ፣ ሂዱ» አሉን። ኔትወርክ ሲመጣ ብደውልም ኃላፊዋ አላነሳችም፤ ሰዓቱን በየደቂቃው አያለሁ። ‹ብቅ ያላለ ሰው በሌላ ይተካል› ያሉት ከጆሮዬ አልወጣም።

ከተማ ስንገባ ሹፌሩ ተሳፋሪውን አስፈቅዶ መናኸሪያ ሳይገባ ፋብሪካው በር ላይ አወረደኝ። ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ነበር። ሂሳብ ስሰጠው አልቀበልም አለ።

የጥበቃ ሠራተኛው «አዲሶቹ ገብተዋል» አለኝ። ስሜን ነገርኩት። በያዘው ወረቀት ላይ ጣቱ ከስም ወደ ስም ወረደና ቆመ።

«ብርቱካን። አዎ፣ አለሽበት።»

ስሜን በዓይኔ ካላየሁ ብዬ ወረቀቱን አስጠጋሁት። እውነትም ተጽፏል።

ኃላፊዋ አዳራሹ በር ላይ ቆማ ነበር። መጀመሪያ ሰዓቷን፣ ቀጥሎ ፌስታሌን አየች። መንገዱን ሙሉ ሳዘጋጅ የመጣሁትን ተናገርኩ፤ «አይ ተርንድ አፕ። ሌት። ሶሪ።»

ፈገግ ብላ «ካም ኦን ኢን» አለችኝ። እንዲህ ያለውንም ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ በሩን ስለከፈተችልኝ ግን ገባኝ።

በምሳ ሰዓት ለእናቴ ደወልኩ። «ሥራ ጀመርኩ» ስላት «ደረስሽ እንዴ?» አለችኝ። «ደብረ ሲና አይደለም፣ እዚሁ ፋብሪካው ነኝ» አልኳት። እልልታዋ ጆሮዬን ሞላው።

ዛሬም እዚያው እሠራለሁ። ጋሽ ወርቁ በደብረ ብርሃን ባለፉ ቁጥር ይደውሉልኛል፤ ምሳ እጋብዛቸዋለሁ፣ እሳቸው ደግሞ አዲስ የሰማሁትን ቃል ይፈቱልኛል። ያኔ ዲግሪዬን ተማምኜ ስለናቅኳቸው አሁንም አፍራለሁ። «አልገባኝም፣ ድገሚልኝ» ማለት ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አፍሬበት አላውቅም።

ባለፈው ወር ኃላፊዋ አንዲት አዲስ ልጅ መቀጠሯን ደውዬ እንድነግራት አዘዘችኝ። ልጅቷን በአማርኛ «ተቀጥረሻል፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነይ» አልኳት። ከኋላዋ የገበያ ጫጫታ ይሰማ ነበር፤ እሷም «እሺ፣ እሺ» አለችኝ። «እሺ አትበይኝ፤ ያልኩሽን መልሰሽ ንገሪኝ» አልኳት። ቀኑንም ሰዓቱንም አንድ በአንድ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ነው ስልኩን የዘጋሁት።