ሳይታይ የወረደ እጅ

ደካ ከተማ፣ እኔ በምሠራበት ቢሮ፣ ስብሰባ ላይ እኔን ዘሎ የሚያልፍ ሰብሳቢ የለም። እጄን ካነሳሁ ዕድል ይሰጠኛል፤ ካልተሰጠኝ አልናገርም። ሳይፈቀድለት አፉን የሚከፍት ሰው ደሜን ያፈላዋል። ይህንኑ አመሌን ይዤ ነው በዚህ ዕድሜዬ ዲግሪ ልማር ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ የተመዘገብኩት።

ትምህርቱ ግማሹ በአካል ቦንጋ፣ ግማሹ በኦንላይን ነው። የኦንላይኑ ቀን ሲደርስ ፀጉሬን አበጥሬ፣ የቢሮ ኮቴን ለብሼ፣ ስልኬን የስኳር ጣሳ ላይ አስደግፌ ቀጥ ብዬ እቀመጣለሁ። መምህሩ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ ልጄ ሊሆን ይችላል። ጥያቄ ያለው ካለ ሲል እጄን አነሳለሁ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች ግን ሳይፈቀድላቸው እየተሻሙ ይናገራሉ። እኔ ክንዴ እስኪዝል እጠብቃለሁ፤ አንድም ቀን አልጠራኝም።

እያደር አንጀቴ አረረ። አፌን የፈታሁት በካፊኖኖ ስለሆነ አማርኛዬ ይንገዳገዳል፤ መጀመሪያ ስንተዋወቅ ይህን ሰምቶ ንቆኛል አልኩ። ለባለቤቴ ትምህርቱን ልተወው ነው ብዬ ነገርኩት። ከመተውሽ በፊት ለምን ፊት ለፊት አትጠይቂውም አለኝ። ምነው ባልሰማሁት ኖሮ!

ቦንጋ በተሰበሰብንበት ቀን ክፍሉ ጢም ብሎ ነበር። ማንም ሳይፈቅድልኝ ብድግ ብዬ አወረድኩበት። ሴሚስተሩን ሙሉ እጄን እያነሳሁ እንዳላየ እንዳለፈኝ፣ በትልቅ ሰው ላይ እንዲህ እንደማይደረግ ነገርኩት። መሀል ላይ እንባዬ ቀደመኝ።

መምህሩ ጠጋ ብሎ ቀስ ባለ ድምፅ፣ "እትዬ፣ ካሜራዎ እኮ አንድም ቀን ተከፍቶ አያውቅም" አለኝ።

ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ። ለካ መጀመሪያው ሳምንት ላይ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ የቢሮ ባልደረባዬ ዳታ እንዳይበላብሽ ብሎ ካሜራውን ዘግቶልኝ ኖሯል። እኔ መምህሩን ስለማየው እሱም የሚያየኝ መስሎኝ! እጅ ማንሻ ምልክት ስልኩ ላይ እንዳለ ያወቅሁትም ያኔ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያ ሁሉ ማበጠር፣ ያ ሁሉ ኮት ለማን ነበር? የባሰብኝ ግን እሱ ይቅርታ መጠየቁ ነው። ደውዬ ማጣራት ነበረብኝ አለ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው የኦንላይን ትምህርት ባለቤቴ ካሜራውን ከፈተልኝ። ፊቴን ከነማዲያቱ ስክሪኑ ላይ ሳየው መልሼ ልዘጋው ቃጣኝ። መምህሩ እንደ ልማዱ ጥያቄ ያለው ካለ አለ። ስንት ሳምንት ይዤው የከረምኩት ጥያቄ ምላሴ ላይ ነበር፤ እጄ ግን ከጭኔ አልነሳም አለ። እንደምንም እስከ ጆሮዬ አደረስኩት።

"አየሁዎት፣ እትዬ፤ ይቀጥሉ" አለ ወዲያው።

ይህን ቃል ስጠብቀው ነበር የከረምኩት። ልጆቹ ሁሉ እኔን ያያሉ። ፀጉሬን የማስተካክል መስዬ እጄን አወረድኩ።

"የለም፣ ጥያቄ የለኝም" አልኩት።

ምናልባት ሐሳቤን ብቀይር ብሎ ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ አመስግኖኝ ወደ ሌላ ተማሪ አለፈ።