ማን ነው ያጠፋው?

ዓሣ አልወድም። ልጆቼ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ አጥንቱ ጉሮሮዬን ይወጋኛል እላቸዋለሁ። ውሸቴን ነው።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ከኮልፌ ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ጌታው ዕድሜያቸውን ምጽዋ ጉምሩክ ውስጥ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ሌላው ሰው ከወደብ ሽቶና ጨርቅ ይዞ ሲመለስ እሳቸው ባሕሩን ይዘው መጡ። ሳሎናቸው ውስጥ ቁም ሣጥን የሚያክል የመስታወት ገንዳ አስገጠሙ። ጨዋማው ውሃ በበርሜል ተሞልቶ በጭነት መኪና ከምጽዋ ይመጣል፤ ውስጡ ቢጫና ሰማያዊ ዓሦች ይንሸራሸራሉ። የሰፈሩ ሴት እንስራዋን አዝላ ቦኖ ላይ ተሰልፋ ትውላለች፣ የእሳቸው ውሃ በመኪና ይመጣል። ጉድ እኮ ነው።

የእኔ ሥራ ዓሦቹን መመገብና ማጣሪያውን መጠበቅ ነበር። ማጣሪያው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር ነው፤ ውሃውን ይስባል፣ በስፖንጅ ያጣራል፣ አየር ቀላቅሎ ይመልሳል። ስትመግብ ግን ማጥፋት አለብህ፤ አለዚያ ዓሦቹ ሳይቀምሱት ሞተሩ ምግቡን ስቦ ይወስድና ስፖንጁ ውስጥ ይበሰብሳል። በልተው ሲያበቁ ትርፍራፊውን በወንፊት ታወጣና ወዲያው ታበራለህ። ጠፍቶ ከቆየ ታፍነው ያልቃሉ። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው፤ ሕፃንም አይሳሳተውም።

ወጥ ቤት የሚሠሩ አንዲት የጎጃም ሴትዮ ነበሩ፤ እማማ ነበር የምላቸው። አንድ ቀን የሞተሩን ማብሪያ በጨርቅ ሊወለውሉ ሲሉ ደረስኩና ጮህኩባቸው። ቢጮህም፣ ዝም ቢልም፣ ቢጨስም እጅዎ እንዳይደርስበት ብዬ አስጠነቀቅኳቸው። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል ሲያልፉ እንኳ ነጠላቸውን ሰብሰብ ያደርጉ ነበር።

ያን ሰሞን አንድ መሥሪያ ቤት ለመጋዘን ጠባቂነት ተቀበለኝ። የቀረኝ ዋስ ብቻ ነበር፤ ዋስ የሌለው ሰው ደግሞ አይቀጠርም። ሚስቴ እርጉዝ ናት። ጌታው እፈርምልሃለሁ ካሉኝ ሁለት ወር ሆነ፤ ዛሬ ነገ፣ ዛሬ ነገ። የዋስትናው ቅጽ ኪሴ ውስጥ ከመታጠፉ ብዛት መሐሉ ሊበጠስ ደረሰ። የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነበር።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ሞተሩን አጥፍቼ ምግቡን እንደበተንኩ ከበረንዳው ተጠራሁ። አቤት ብዬ ሮጥኩ። ጌታው ከእንግዳ ጋር ተቀምጠው፣ እስክሪብቶ በእጃቸው፣ ያንን ወረቀትህን አምጣው አሉኝ። ሰጥቼ እጄን አጣምሬ ቆምኩ። እንግዳው ስለ መሬት ክሱ ያወራል፣ እሳቸው እስክሪብቶውን ያሽከረክራሉ። ሞተሩ አለመብራቱ ትዝ አለኝ። ታዲያ ምን ልበል? በትልቅ ሰው ወሬ መሐል ጥልቅ ብዬ ስለ ዓሣ ላውራ? ቢቀየሙኝስ? እስክሪብቶውን መልሰው ቢያስቀምጡትስ? ቡናቸው ቀዘቀዘ፣ ክሱ ግን አላልቅ አለ። በመጨረሻ ፈረሙና ቢሮው ሳይዘጋ ድረስ አሉኝ። እጃቸውን ስሜ፣ ከደስታዬ ብዛት ወደ ሳሎኑ ሳልዞር በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

ፌርማታው ላይ እንደገና ትዝ አለኝ። ለብዙ ዓመት ረስቼው ነው እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ እንጂ አልረሳሁም። አውቶቡሱ ሲመጣ አየሁት። ብመለስ ቢሮው ይዘጋል። ተሳፈርኩ።

ወረቀቱን አስረክቤ አመሻሹ ላይ ስመለስ ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ተንሳፈዋል። ጌታው ገንዳው ፊት ቆመዋል።

"አብርተኸው ነበር የሄድከው?" አሉኝ።

የፈረመ እጅ ፊርማውን ማንሳት አያቅተውም። "አዎ ጌታዬ" አልኩ።

ወደ ወጥ ቤቱ ዞሩ። "ማን ነው ያጠፋው?"

እማማ እጃቸውን እየጠረጉ መጡና የጌታው እግር ላይ ወደቁ። "አጥፍቻለሁ ጌታዬ፣ ይማሩኝ።"

ሞተሩን አጠፋሁ ማለታቸው አልነበረም። በዚያ ቤት ብርጭቆ ተሰበረ፣ ውሻ ጮኸ፣ ወጥ አረረ፣ ጌታው ከተቆጡ መጀመሪያ የሚባለው አጥፍቻለሁ ነው። ምን እንደሆነ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ይህን አውቃለሁ። ጌታው ግን የጠየቁት ስለ ሞተሩ ነበር፣ መልሱንም አገኙ። ዕቃሽን ሰብስቢ አሏቸው። አፌ ተከፍቶ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት። ወንድ ተብዬ!

ጓዛቸው አንድ ቋጠሮ ነበር። እስከ ግቢው በር ተሸክሜ ሸኘኋቸው። ቋጠሮውን ከእጄ ሲቀበሉ ቀና ብለው አዩኝና፣ ማንም እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ለመሆኑ ምን አጥፍቼ ነው?"

"እኔ እንጃ፣ እማማ" አልኳቸው።