እጅ የሚነሳው ድሮን

ድሮን ከፍታውን ራሱ እንዲጠብቅ ማስተማር ነው እንጀራዬ። ከፍታውንና የሞተሩን ጉልበት በአንድ ረጅም የቁጥር ሰንሰለት አስሬ እሰጠዋለሁ፤ እሱ አየር ላይ ሆኖ ፈትቶ ያነበዋል። ሬሆቮት ከተማ፣ ኦሺዮት ሰፈር፣ አባቴ ከሚኖሩበት ሕንጻ ሥር ስሞክረው ግን ሦስተኛ ፎቅ በደረሰ ቁጥር አፈታቱን እየሳተ ዝቅ ይልና መልሶ ቀና ይላል። አባቴ በረንዳቸው ላይ ብድግ ብለው፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ነህ ወይ?» ይሉታል።

ሳምንቱን ሙሉ እታች ተቀምጬ ስህተቱን ስፈልግ ከረምኩ፤ አንድ ቀን እንኳ ወደ ላይ ወጥቼ አባቴን ሰላም አላልኩም። ዓርብ ዕለት ተስተካከለ። ድሮኑ ፊታቸው ቀጥ ብሎ ቆመ። ደስ ብሎኝ ደወልኩላቸው።

«አባዬ፣ አዩት?»

«ቤሰደር፣ እሺ፣ አየሁት። በፊት እጅ ይነሳ ነበር» አሉ። «ምን ያድርግ፣ ካንተ ጋር ውሎ ነው።»